በሊብከርል ጠሪውን የሚያስጠብቅ የኔትወርክ ዝውውር አሠራር

አንድ ፕሮግራም ከሰርቨር ፋይል የሚያወርድበት ወይም መረጃ የሚልክበት መንገድ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዝውውሩን አስጀምሮ ወደ ሌላ ሥራ መሄድና መረጃ በደረሰ ቁጥር እየተመለሱ መቀበል ሲሆን፣ ሌላው አንድ ፈንክሽን ጠርቶ ዝውውሩ እስኪጠናቀቅ ወይም እስኪከሽፍ ድረስ እዚያው ቆሞ መጠበቅ ነው። ይህ ሁለተኛው፣ በሙያው ቋንቋ ብሎኪንግ የሚባለው፣ ለመጻፍም ለማንበብም ይቀላል፤ ኮዱ ከላይ ወደ ታች እንደ ተራ ጽሑፍ ይነበባል፤ ስህተቱም ከጥሪው ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ይያዛል። የሚያስከፍለውም አለ፦ ፈንክሽኑ እስኪመለስ ድረስ የጠራው ስሬድ፣ ማለትም በፕሮግራሙ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሮጠው የሥራ መስመር፣ ሌላ ምንም ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ደጋግሜ የምመለስበት ጉዳይ ይህ ነው፤ ስሬዱን ለሊብከርል፣ ማለትም ፕሮግራሞች ለዝውውር ለሚጠሩት ዝግጁ የኮድ ስብስብ (ላይብረሪ)፣ አሳልፈን ከመስጠታችን በፊት መቼና በምን ሁኔታ ተመልሶ እጃችን እንደሚገባ መወሰን አለብን።

ይህን የምለው በደረሰብኝ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት በየሌሊቱ ፋይል የሚያወርድ አጭር ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ ለሳምንታት ያለ እንከን ሠራ። አንድ ቀን ጠዋት ስመለከተው ግን የሌሊቱን ሥራ ጀምሮ እንደቆመ አገኘሁት። ስህተት አልመዘገበም፣ አልወደቀም፣ አልጨረሰም። ሌላኛው ወገን ግንኙነቱን ከፍቶ አንድም ባይት ሳይልክ ዝም ብሎ ነበር፤ እኔም ለጥበቃው ገደብ ስላላበጀሁለት ፕሮግራሙ የታዘዘውን በታማኝነት ይፈጽም ነበር፦ ይጠብቃል።

የምጠቀምበት ላይብረሪ ሊብከርል ነው። ዳንኤል ስቴንበርግ የሚመራው የከርል ፕሮጀክት በዚህ ስም የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ላይብረሪው በ2000 ተከተለ። የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ፒኤችፒንና ፓይተንን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች በኩል ስለሚጠራ ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለእነዚያም ያገለግላል። የፈንክሽኖቹንና የአማራጮቹን ስም እንደሚነበቡት ጽፌያቸዋለሁ፤ ፈንክሽኖቹ በሚዘረዘሩበት የራስጌ ፋይል ውስጥ ግን በላቲን ፊደልና ቃላቱ በግርጌ ሰረዝ (_) ተያይዘው ያገኟቸዋል።

ዝግጅትና ሃንድል መክፈት

በኮምፒውተርዎ ላይ ከርል የተባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮግራም ለመጻፍ የራስጌ ፋይሎቹን የያዘው የዴቨሎፕመንት ፓኬጅም መጫን አለበት። ኮምፓይል ሲያደርጉም ፕሮግራሙን ከላይብረሪው ጋር ሊንክ ማድረግ እንዳይረሱ።

ፕሮግራሙ ሲነሳ፣ ሌላ ስሬድ ከመጀመሩ በፊት፣ «ከርል ግሎባል ኢኒት» የተባለውን ፈንክሽን አንድ ጊዜ ይጥሩ። ይህን ቢተዉት ላይብረሪው በመጀመሪያው አጋጣሚ ራሱ ይጠራዋል፤ ሆኖም በቆዩ እትሞች ይህ ጥሪ ከብዙ ስሬዶች በአንድ ጊዜ ሲደረግ አደገኛ ስለሆነ በግልጽ መጥራቱ ይሻላል። ቀጥሎ «ከርል ኢዚ ኢኒት» አንድ ሃንድል ይሰጥዎታል። ሃንድል ማለት የዝውውሩ ቅንብር፣ ክፍት ግንኙነቶቹና ሁኔታው በሙሉ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። የተመለሰው እሴት ባዶ ፖይንተር (የትም የማይጠቁም የማህደረ ትውስታ አድራሻ) ከሆነ አይቀጥሉ።

ስለ ሃንድሉ ገና ከመነሻው መያዝ ያለበት ሕግ አለ፦ አንድ ሃንድል በአንድ ጊዜ በአንድ ስሬድ ብቻ ይሠራበታል። ከአንዱ ስሬድ ወደ ሌላው ማስተላለፍ ይቻላል፤ ሁለት ስሬዶች እኩል እንዲነኩት ማድረግ ግን አይቻልም።

የት እንደሚሄድ መንገር

ቅንብሩ ሁሉ የሚካሄደው «ከርል ኢዚ ሴትኦፕት» በተባለው ፈንክሽን ነው፤ ሃንድሉን፣ የአማራጩን ስምና እሴቱን ይቀበላል። አስገዳጁ አማራጭ «ዩአርኤል» ብቻ ነው። የሰጡትን ጽሑፍ ላይብረሪው ለራሱ ስለሚገለብጠው የእርስዎን ቅጂ ወዲያው ቢያጠፉት ጉዳት የለውም። ከዚህ የሚለየው «ፖስትፊልድስ» ነው፤ ወደ ሰርቨር የሚላከውን መረጃ የያዘው ይህ አማራጭ አይገለበጥም፤ ስለዚህ መረጃው ዝውውሩ እስኪያልቅ በማህደረ ትውስታ ውስጥ መቆየት አለበት። መቆየቱን እርግጠኛ ካልሆኑ «ኮፒፖስትፊልድስ» የተባለውን ይጠቀሙ።

ቁጥር ለሚቀበሉ አማራጮች ደግሞ እሴቱ ሎንግ የተባለው የሲ ሙሉ ቁጥር ዓይነት መሆን አለበት። ፈንክሽኑ ማንኛውንም ዓይነት እሴት የሚቀበል ስለሆነ ኮምፓይለሩ ሁልጊዜ አያስጠነቅቅም፤ ተራ ኢንት ሲሰጠው በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ በሌላው ላይ የማይጨበጥ ቁጥር ሊያነብ ይችላል። ከቁጥሩ ኋላ የሎንግ ምልክቱን (L) መጨመር ትንሽ ልማድ ነው፤ የሚያድነው ግን ቀናት የሚፈጅ ፍለጋ ነው።

ሰርቨሩ ወደ ሌላ አድራሻ ሲመራዎት ላይብረሪው በራሱ አይከተልም። እንዲከተል ከፈለጉ «ፎሎውሎኬሽን»ን ይክፈቱና በ«ማክስሪዳይርስ» የመከተያውን ብዛት ይገድቡ፤ በቆዩ እትሞች ገደብ ስላልነበረው በክብ የሚመሩ ሁለት አድራሻዎች ስሬዱን ያለ ፍጻሜ ሊያዞሩት ይችላሉ።

የሚመጣውን መረጃ መቀበል

ምንም ካልነገሩት ላይብረሪው የተቀበለውን ሁሉ ወደ መደበኛው ውጤት መስመር፣ ማለትም ወደ ስክሪኑ፣ ይጥለዋል። ወደ ፋይል ወይም ወደ ማህደረ ትውስታ እንዲገባ የራስዎን ተቀባይ ፈንክሽን ይጻፉና በ«ራይትፈንክሽን» ያስመዝግቡት፤ በ«ራይትዳታ» ደግሞ ለዚያ ፈንክሽን የሚደርሰውን ፖይንተር ይስጡ። ዝውውሩ በሚካሄድበት ጊዜ ላይብረሪው በዚያው በሚጠብቀው ስሬድ ውስጥ ሆኖ ተቀባይዎን ደጋግሞ ይጠራል፤ እንዲህ ያለው ፈንክሽን ኮልባክ ይባላል። ስለዚህ ተቀባዩ ከዘገየ ዝውውሩም ይዘገያል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ስለሆነ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። 40,000 ባይት የሆነ ፋይል ቢያወርዱ ተቀባዩ አንድ ጊዜ ብቻ አይጠራም። በተለመደው ቅንብር አንድ ጥሪ ከ16,384 ባይት በላይ አይዝም፤ ስለዚህ ፋይሉ ለምሳሌ በ16,384፣ እንደገና በ16,384፣ በመጨረሻም በ7,232 ባይት ተከፋፍሎ ሊመጣ ይችላል። ኔትወርኩ ከተቆራረጠ ደግሞ ቁርጥራጮቹ እጅግ ያነሱና መጠናቸው የተለያየ ይሆናሉ። በመጠናቸው ላይ የተመሠረተ ምንም ዓይነት ግምት አይያዙ።

ከዚህም በላይ የሚመጣው ቁርጥራጭ በዜሮ ባይት የተዘጋ ጽሑፍ አይደለም። በሲ ቋንቋ የተለመዱትን የጽሑፍ ፈንክሽኖች በቀጥታ ቢጠሩበት ከቁርጥራጩ ወሰን አልፈው ያነባሉ። ርዝመቱን የሚነግርዎት ከፖይንተሩ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ቁጥሮች ብዜት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ 1 ቢሆንም ማባዛቱን አይተዉት።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ የሚያወርድ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው የዩቲኤፍ-8 ሥርዓት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 16,384 ለ3 ሲካፈል 5,461 ደርሶ 1 ይተርፋል። ስለዚህ ያለ ክፍተትና ያለ ሌላ ምልክት በግዕዝ ፊደል ብቻ የተሞላ ጽሑፍ ሲመጣ 5,462ኛው ፊደል ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ባይት በመጀመሪያው ቁርጥራጭ መጨረሻ፣ ሁለቱ በቀጣዩ መጀመሪያ ላይ ይገኛሉ። እያንዳንዱን ቁርጥራጭ ለብቻው ወደ ፊደል የሚቀይር ፕሮግራም በዚያ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ያሳያል፤ ፋይሉ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ስህተቱ ጨርሶ አይታይም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባይቶቹን ሳይነኩ አንድ ላይ ያጠራቅሙ፣ ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩት ዝውውሩ ካለቀ በኋላ ይሁን።

ተቀባዩ ሥራውን ሲጨርስ የተቀበለውን የባይት ብዛት በትክክል መመለስ አለበት። ከዚያ የተለየ ቁጥር ከመለሰ ላይብረሪው መጻፍ እንዳልተቻለ ቆጥሮ ዝውውሩን በስህተት ቁጥር 23 ያቋርጠዋል። ይህ ጠቃሚም ነው፤ የሚያጠራቅሙት መረጃ ካሰቡት መጠን ካለፈ ሆን ብለው 0 በመመለስ ማስቆም ይችላሉ። ከማያምኑት ሰርቨር ወደ ማህደረ ትውስታ የሚያወርዱ ከሆነ እንዲህ ያለ ጣሪያ የግድ ያብጁ።

ወደ ፋይል ሲጽፉ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፉ፤ ስሙን ወደ ትክክለኛው የሚቀይሩት ሁሉም ነገር መሳካቱን ካረጋገጡ በኋላ ይሁን። ፋይሉን ሲዘጉ የመዝጊያው ፈንክሽን የሚመልሰውንም ይፈትሹ፤ ተቀባዩ የጻፈው ባፈር በተባለ ጊዜያዊ ማከማቻ ውስጥ ቆይቶ ወደ ዲስክ የሚወርደው ሲዘጋ ሊሆን ስለሚችል ዲስኩ መሙላቱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ለጥበቃው ገደብ ማበጀት

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህን እንዲያነብ እመርጣለሁ። በተለመደው ቅንብር ግንኙነት ለመመሥረት የሚፈቀደው ጊዜ 300 ሰከንድ ነው፤ ለጠቅላላው ዝውውር ደግሞ ገደብ የለም። ማለትም የእኔ የሌሊት ፕሮግራም እንደሆነው፣ ግንኙነቱ ከተከፈተ በኋላ ሌላው ወገን ዝም ቢል ስሬዱ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ሦስት መሣሪያዎች አሉን። «ኮኔክትታይምአውት» ስሙን ወደ አድራሻ ከመፍታት ጀምሮ የምስጢራዊ ግንኙነቱ ስምምነት እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ ይገድባል፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሰከንድ አስቀምጣለሁ። «ታይምአውት» ጠቅላላውን ዝውውር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይገድባል፤ መጠኑ የታወቀ ትንሽ መልስ ለሚጠብቅ ጥሪ ተስማሚ ሲሆን፣ ለትልልቅ ፋይሎች ግን ጨካኝ ነው፤ በቀስታም ቢሆን በደህና እየወረደ ያለውን ፋይል ሰዓቱ ስለሞላ ብቻ ይቆርጠዋል። ለትልልቅ ፋይሎች የሚስማማው ሦስተኛው ነው፤ «ሎው ስፒድ ሊሚት» እና «ሎው ስፒድ ታይም» ተጣምረው ፍጥነቱ ከተወሰነ ባይት በታች ሆኖ ለተወሰነ ሰከንድ ከቆየ ዝውውሩን ያቋርጣሉ። በሰከንድ 1,000 ባይት እና 30 ሰከንድ ቢሰጡት፣ መረጃ እየፈሰሰ እስካለ ድረስ ሰዓታት ቢወስድም ይታገሳል፤ ዝምታውን ግን አይታገስም። ከሦስቱ በየትኛውም ገደብ ሲቆም የሚመለሰው ቁጥር 28 ነው።

ብዙ ስሬዶች ባሉት ፕሮግራም ውስጥ «ኖሲግናል»ን 1 ያድርጉት። ላይብረሪው በተወሰኑ አሠራሮች ስም ሲፈታ ጊዜውን ለመቆጣጠር የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሲግናል ይጠቀማል፤ ይህም ከብዙ ስሬዶች ጋር ሲጋጭ ፕሮግራሙን ሊጥለው ይችላል።

ተጠቃሚው በፈለገ ጊዜ እንዲያቋርጥ መፍቀድ ከፈለጉ ደግሞ «ኖፕሮግረስ»ን 0 አድርገው በ«ኤክስፈርኢንፎፈንክሽን» የሂደት ኮልባክ ያስመዝግቡ። ኮልባኩ ከዜሮ የተለየ ቁጥር ሲመልስ ዝውውሩ በቁጥር 42 ይቆማል። ሌላ ስሬድ አንድ የማቋረጫ ምልክት ቢያነሳና ኮልባኩ ያንን ምልክት ቢያይ፣ የሚጠብቀውን ስሬድ በሰላም መልሶ ለማግኘት ይህ ንጹሕ መንገድ ነው። ስሬዱን ከውጭ በኃይል መግደል ግን ክፍት ግንኙነትና ያልተለቀቀ ማህደረ ትውስታ ጥሎ ስለሚሄድ አይሞክሩት።

ጥሪውና ከጥሪው በኋላ

ከጥሪው በፊት 256 ባይት የሆነ ቦታ አዘጋጅተው በ«ኤረርባፈር» ይስጡት፤ የመጀመሪያውንም ባይት ዜሮ ያድርጉት። ከዚያ «ከርል ኢዚ ፐርፎርም»ን ይጥሩ። ስሙን መፍታት፣ መገናኘት፣ መጠየቅና መቀበል ሁሉ በዚህ አንድ መስመር ውስጥ ይከናወናል። ሲመለስ 0 ከሆነ ዝውውሩ ተሳክቷል፤ ካልሆነ ምክንያቱን በባፈሩ ውስጥ ያገኙታል፤ ባፈሩ ባዶ ከሆነ «ከርል ኢዚ ስትርኤረር» አጠቃላይ መግለጫ ይሰጥዎታል።

ነገር ግን 0 ማለት የፈለጉትን አግኝተዋል ማለት አይደለም። ሰርቨሩ «የጠየቅከው ገጽ የለም» የሚል 404 ቢመልስ ከላይብረሪው አንጻር ዝውውሩ በደንብ ተጠናቋል፤ የስህተት ገጹም እንደ ትክክለኛ ፋይል በዲስክዎ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ስለዚህ በ«ከርል ኢዚ ጌትኢንፎ» የመልሱን ኮድ ጠይቀው 200 መሆኑን ያረጋግጡ፣ ወይም «ፌይልኦንኤረር»ን በመክፈት 400 እና ከዚያ በላይ የሆኑ መልሶች በቁጥር 22 እንዲከሽፉ ያድርጉ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሰርቨሮች በስህተት ገጹ ውስጥ የሚጽፉት ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ጠቃሚ ነው።

ሲከሽፍ ምን እንደሚደረግ በቁጥሩ ይወሰናል። 6 ስሙ አልተፈታም፣ 7 ግንኙነት አልተመሠረተም፣ 28 ጊዜው አለፈ ማለት ሲሆን፣ እነዚህ አላፊ ሊሆኑ ስለሚችሉ የጥበቃውን ጊዜ እያረዘሙ ጥቂት ጊዜ መሞከር ተገቢ ነው። 18 ፋይሉ ሳይሞላ መቋረጡን ይነግራል፤ «ሪዙም ፍሮም ላርጅ» በተባለው አማራጭ በእጅዎ ያለውን የባይት ብዛት ሰጥተው ፋይሉን በማስቀጠል ሁኔታ ቢከፍቱት ከቆመበት ይቀጥላል፤ ሰርቨሩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ 33 ይመለሳል፤ ያኔ ከመጀመሪያው ይጀምሩ። መረጃ የሚልክ ጥሪን ግን በጭፍን አይድገሙ። 28 ሲመለስ ሰርቨሩ ጥያቄውን ተቀብሎ ፈጽሞት መልሱ ብቻ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሙከራ ሥራውን ሁለት ጊዜ ያስፈጽማል።

60 የተለየ ነው። የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት አልታመነም ማለት ስለሆነ በመድገም አይፈታም። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ማረጋገጫውን የሚቆጣጠሩትን አማራጮች ፈልገው ይዘጋሉ፤ ስህተቱም ይጠፋል። በመካከል የገባ ማንኛውም አካል መረጃውን እንዲያነብና እንዲለውጥ በር ከፈቱ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ የሚያስፈልገውን የሰርተፊኬት ፋይል ማሟላት ወይም የኮምፒውተሩን ሰዓትና ቀን ማስተካከል ነው።

ዝውውሩ ተሳክቶ ቀርፋፋ ከሆነ ጊዜው የት እንዳለቀ ላይብረሪው ራሱ ይነግርዎታል። በ«ጌትኢንፎ» የሚገኙት የጊዜ መለኪያዎች ሁሉም ከጥሪው መጀመሪያ ይቆጠራሉ። ለምሳሌ ስም መፍታቱ በ0.02፣ መገናኘቱ በ0.09፣ የምስጢራዊ ግንኙነቱ ስምምነት በ0.21፣ የመጀመሪያው ባይት በ4.60፣ ጠቅላላው በ4.75 ሰከንድ ቢያልቅ፣ ከ4 ሰከንድ በላይ የጠፋው ግንኙነቱ ተመሥርቶ የመጀመሪያው ባይት እስኪደርስ ነው። መስመሩን መውቀስ አይገባም፤ መልሱን ለማዘጋጀት የዘገየው ሰርቨሩ ነው።

ደግሞ መጠቀምና መዝጋት

ከአንድ ሰርቨር ብዙ ፋይሎችን በተከታታይ የሚያወርዱ ከሆነ ለእያንዳንዱ አዲስ ሃንድል አይክፈቱ። በዚያው ሃንድል ላይ «ዩአርኤል»ን ብቻ ቀይረው እንደገና ቢጠሩ ላይብረሪው ክፍት ግንኙነቱን መልሶ ስለሚጠቀም ከላይ ባየነው ምሳሌ የመጀመሪያዎቹን 0.21 ሰከንዶች በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ያተርፋሉ። የቀድሞው ቅንብር እንዳይከተልዎ ከፈለጉ «ከርል ኢዚ ሪሴት» አማራጮቹን ብቻ አጽድቶ ግንኙነቶቹን ይጠብቃል። ሲጨርሱ «ከርል ኢዚ ክሊንአፕ»ን ይጥሩ፤ በኮልባክ ውስጥ ሆነው ግን ፈጽሞ አይጥሩት። ከጥያቄው ጋር የሚላኩ የኤችቲቲፒ ራስጌዎችን ዝርዝር አዘጋጅተው ከነበረ እርሱንም ለብቻው ይልቀቁ፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ደግሞ «ከርል ግሎባል ክሊንአፕ» ይከተላል።

የሚወርዱት በርካታ ሆነው እኩል መሄድ ካለባቸው ጥቂት ስሬዶች ከፍቶ ለእያንዳንዱ የራሱን ሃንድል መስጠት ይበቃል። በመቶዎች ከተቆጠሩ ግን ይህ አካሄድ ልኩን ስላለፈ «መልቲ» ወደተባለው የላይብረሪው ክፍል ይሻገሩ። ስክሪን በሚያሳይ ፕሮግራም ውስጥም ጥሪውን ስክሪኑን በሚያንቀሳቅሰው ስሬድ ላይ አያድርጉ፤ ዝውውሩ እስኪያልቅ ቁልፎቹ ሁሉ ይደርቃሉ።

እንዲከሽፍ አድርጎ መሞከር

ፕሮግራሙ ሲሳካ ማየት በቂ ፈተና አይደለም፤ የጻፉት የስህተት አያያዝ የሚታወቀው ሲከሽፍ ነው። መጨረሻው «ኢንቫሊድ» በሚል ቃል የሚያበቃ የሰርቨር ስም ይስጡት፤ ይህ ቃል ለማንም እንዳይሰጥ የተጠበቀ ስለሆነ 6 መምጣት አለበት። በራስዎ ኮምፒውተር፣ በ127.0.0.1፣ ማንም በማያዳምጥበት ፖርት ላይ ይሞክሩት፤ 7 ይመለሳል። 192.0.2.1 ለምሳሌና ለሰነድ ብቻ የተመደበ አድራሻ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የሚሰጥ የለም፤ የግንኙነት ገደብዎ እንደሚሠራ በ28 ያረጋግጥልዎታል።

በመጨረሻም ግንኙነት ተቀብሎ አንድም ባይት የማይልክ አጭር ሰርቨር ጽፈው ፕሮግራምዎን ወደ እርሱ ይምሩት፤ ሰዓትዎን ይዘው ይጠብቁ፤ በ«ሎው ስፒድ ታይም» የሰጡት 30 ሰከንድ ሲሞላ ስሬዱ ተመልሶ ቁጥር 28ን መመዝገቡን በዓይንዎ ይዩ።